በአንዲት «አመት» የመጣ አርባ ሰባት መልስ

ነገሩ የጀመረው እሑድ ጠዋት ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶቼን ይዤ እዚሁ ጎንደር፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብቻለሁ። የጣሪያውን ሥዕል አንጋጠን እናያለን። ከጎናችን አንድ ወጣት አስጎብኚ ለሌሎች እንግዶች ያስረዳል። አንደበቱ ይጥማል። ስለ ዐፄ ኢያሱም ስለ ጣሪያውም ጥሩ አድርጎ ይተርካል። ግን በየመሀሉ «መላእክቶች» ይላል። መላእክት ራሱ ብዙ ቁጥር ነው እኮ! ነጠላው መልአክ ነው። አንዴ ችዬ አለፍኩት። አራተኛው ላይ ጆሮዬን ያዝኩ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ፣ የከተማችን ሰው የሚወያይበት መድረክ ላይ ጻፍኩ። ሁለት ጥያቄ ጠየቅሁ። ስትሰሙት አንጀታችሁን የሚያሳርር የቋንቋ ስሕተት የቱ ነው? ደግሞስ ስለ ጎንደር ሰው ሁሉ የሚደጋግመው፣ ግን ልክ ያልሆነ ወሬ ምንድን ነው? ሁለቱን ማደባለቄ ጥፋት እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። እዚህ ከተማ 30 ዓመት ስኖር ይህን ሁሉ ስሕተት ታግሻለሁ አልኩ። የጣሪያውንም ሠዓሊ አመሰገንኩ። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ምሳ በላሁ።

መልስ 1 ከአንዲት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ መጣ። በሰላምታ ጀምራ፣ ልክ እንደሆንኩ መስክራ፣ የራሷን ጨመረችበት። ሊቃውንቶች፣ መምህራኖች፣ ሕፃናቶች፣ መጻሕፍቶች። ተማሪዎቿ «ቃላቶች» ብለው ከጻፉ ግማሽ ማርክ ትቀንሳለች። ወገን አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ይህችን ግማሽ ማርክ ያዙልኝ፤ ተመልሳ ትመጣለች።

መልስ 2 ከአዘዞ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ነው። የእሱ ሕመም «ማለት ነው» ነው። ታክሲ ውስጥ የተከፈተ ሬዲዮ እየሰማ ፒያሳ እስኪደርስ፣ እንግዳው 31 ጊዜ «ማለት ነው» ብሏል። ቆጥሮታል። ዝናቡ ማለት ነው፣ ማዳበሪያው ማለት ነው እያለ ሄዶ፣ ምን ማለት እንደሆነ ሳይናገር ፕሮግራሙ አለቀ። መልስ 3 አጭር ናት። የመልስ 2 የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ራሱ በ«ማለት ነው» እንደሚያልቅ ጠቆም አድርጋ ሄደች። ሰውዬው እስከ ማታ አልተመለሰም።

እስከዚህ ድረስ ፍቅር ነው። መልስ 4 ላይ ነው ነገር የመጣው።

ጸሐፊው በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ አሁን የሒሳብ ሥራ ነው የሚሠራው። ስለ መላእክት ምንም አላለም። የእኔን ጽሑፍ ነው የፈተሸው። 30 «አመት» ብዬ በአልፋው «አ» ጽፌያለሁ። ዘመን በዓይኑ «ዐ» ሲጻፍ ነው ዓመት የሚሆነው። በግዕዝ «አመት» ማለት ገረድ ነው፤ አመተ ማርያም የማርያም አገልጋይ እንደማለት። ስለዚህ እኔ እዚህ ከተማ 30 ገረድ ስኖር ነው የከረምኩት። በዚህም አላበቃም። ሥዕል የሚሥለው ሠዓሊ በንጉሡ «ሠ» እና በ«ዓ» ነው። እኔ «ሰአሊ» ብያለሁ። ይሄ ደግሞ ከመለመን ነው የሚመጣው፤ በቅዳሴ «ሰአሊ ለነ» ሲባል ለምኝልን ማለት ነው። ያመሰገንኩት ሥዕል የሚሥለውን ሰው ሳይሆን ለምኝልን የምትባለውን መሆኑን በትሕትና አስረዳኝ። ትሕትናው ነው የበለጠ ያቃጠለኝ።

መልስ 5 ተከራከረችልኝ፤ እግዜር ይስጣት። ጥፋቱ የስልኩ ነው አለች። ጣት ቀድሞ የሚያገኘውን ፊደል ነው የሚነካው። ደግሞ በአፍ ስንናገር «ሰ» እና «ሠ»ን የሚለይ ጆሮ የት አለ? አማርኛ ድምፁን ከረሳው ቆይቷል። እውነቷን ነው።

መልስ 6 ከሁሉም የወደድኩት ነው። ጸሐፊው የጽዋ ማኅበር አባል ነው። ወደ አንድ ገዳም ሊሄዱ 60 ቲሸርት አሳተሙ። ጽሑፉን በስልክ የላከው እሱ ነው። ጀርባው ላይ «ጉዞ ወደ ድኅነት» እንዲል ነበር የታሰበው፤ ነፍስ እንድትድን። እሱ ግን በሃሌታው «ሀ» «ድህነት» ብሎ ላከ። 60 ሰው ወደ ድህነት የሚጓዝ ቲሸርት ለብሶ አውቶቡስ ተሳፈረ። መንገድ ላይ ለሻይ ሲወርዱ አንዲት ቆሎ ሻጭ እናት ጀርባቸውን አንብበው፣ እሳቸው እንኳ ቀድመው እንደደረሱ ነገሯቸው። ቲሸርቱ እስካሁን ቤቱ አለ፤ መኪና ሲያጥብ ይለብሰዋል።

ከ7 እስከ 11 ያለው ጦርነት ነው። በአንድ ወገን ፊደሉ አንድም አይነካ የሚሉ አሉ። «ሠረቀ» ወጣ ነው፣ «ሰረቀ» ሌብነት ነው፤ ከተደባለቁ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ልትሰርቅ ነው ይላሉ። በሌላ ወገን አንድ ኮምፒዩተር የሚሠራ ልጅ አለ። ኃይል፣ ኀይል፣ ሀይል፣ ሃይል እየተባለ አንድ ቃል አራት ዓይነት ሲጻፍ፣ ማሽኑ አንዱን ሲፈልግ ሦስቱን ያጣቸዋል። መዝገብ ሲያገላብጥ የዋለ ሰው ብሶት ስለሆነ አዘንኩለት። ሰባት ጊዜ 33 ፊደል 231 መሆኑን አስልቶ፣ የሚደጋገመው ቢቀነስ ሕፃን ልጅ ምን ያህል እንደሚያርፍ ተናገረ። ይህች ከተማ የመጽሐፍ ትርጓሜ ሊቃውንት ላይ ቤትና ታች ቤት ተባብለው የተለያዩባት ናት። እኛም ወጉ አልቀረብንም።

መልስ 10 ላይ አንዱ ሌላውን መሃይም ብሎ ሰደበ። የቆሎ ተማሪያችን ወዲያው ደረሰ። ስድቡ «መሃይምን» ከሚለው የግዕዝ ቃል እንደመጣና ትርጉሙ አማኝ እንደሆነ፣ ስለዚህ ተሳዳቢው ሳያውቅ ምርቃት እንደሰጠ አስረዳ። ተሰዳቢው አመሰገነ። ተሳዳቢው ሌላ ስድብ ፈልጎ እንደሚመለስ ዝቶ ወጣ።

መልስ 12ን ሳይ ፊቴ ቀላ። አስጎብኚው ራሱ ነው! ሰዓቱንም ቦታውንም አስታውሶ፣ ልጅ ትከሻው ላይ ያስቀመጠው ሰውዬ እኔ መሆኔን አወቀ። «መላእክቶች» ማለቱን አልካደም። ከእንግዲህ እንደሚጠነቀቅም ጻፈ። ከዚያ ግን ቃሉ ጠንከር አለ። እኔ ብዙ ቁጥር ስቆጥር፣ የፋሲልን ግቢ ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት የሚለውን ወሬ ለእንግዳ የሚያወራው የራሳችን የጎንደር ሰው ነው አለ። እሱ በየቀኑ ያንን ሲያርም ይውላል። ፖርቹጋል ወታደር የላከችው እ.ኤ.አ. በ1541 ነው፤ 400 ያህል ነበሩ። ፋሲለደስ ደግሞ በ1632 ነው የነገሡት። መካከሉ 91 ዓመት ነው። የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑንም ከሀገር ያስወጡት እሳቸው ናቸው። ያባረሩትን ሰው ቤት ሥራልኝ የሚል ንጉሥ የት አለ?

እዚህ ላይ መልስ 13 ጣልቃ ገብቶ፣ ፋሲለደስ የነገሡት በ1624 ነው ብሎ ተቆጣ። 14 ደግሞ 1632 ነው ብሎ መለሰ። 15 ሁለቱም ልክ መሆናቸውን፣ አንዱ በእኛ አንዱ በፈረንጅ አቆጣጠር እየቆጠረ እንደሆነ፣ ወሩ ሰኔ እንደነበር ጽፎ ገላገላቸው። ለሦስት መልስ ያህል የተጣሉት በአንድ ወር ነው።

መልስ 16 ከአንድ በቅርስ ጥበቃ ጡረታ ከወጣ ሰው ነው። አስጎብኚውን አመስግኖ፣ ግን ወሬውን ሲያርም ወደ ሌላው ጫፍ እንዳይሄድ መከረው። የውጭ እጅ ጭራሽ የለበትም ማለትም አይቻልም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 ግቢውን የዓለም ቅርስ አድርጎ ሲመዘግብ የሕንድና የዐረብ አሠራር ተጽዕኖ እንዳለበት፣ ሚሲዮናውያኑ ያመጡት የባሮክ ስልትም እንደገባበት ገልጿል። ደግሞም ከፋሲለደስ በፊት አባታቸው ሱስንዮስ ደንቀዝ ላይ ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ሌላው የሚያናድደው ስሕተት፣ ግቢውን እንደ አንድ ሕንፃ ማየት ነው አለ። 900 ሜትር በሚሆነው አጥር ውስጥ የፋሲል አለ፣ የዮሐንስ አለ፣ የኢያሱ፣ የዳዊት፣ የበካፋ፣ የምንትዋብ አለ። ሰው ግን አንደኛው በር ላይ ፎቶ ተነሥቶ ይወጣል። እኔም በዚህ ጥፋተኛ ነኝ።

መልስ 17 «የፋሲል መዋኛ» የሚለው ስም እንደሚያናድደው ጻፈ። ከቀሃ ወንዝ ውሃ ተጠልፎ የሚሞላው ለጥምቀት ነው፤ ጥምቀተ ባሕር ነው መባል ያለበት። መልስ 18 ግን ጥምቀት ጠዋት ውሃው ከተባረከ በኋላ ዘሎ ያልገባ የጎንደር ወጣት ካለ እጁን ያውጣ ብሎ ጠየቀ። እጁን ያወጣ የለም። ስሙም እዚያው ቀረ።

እና ከአዲስ አበባ አንድ ልጅ ገባ። መልስ 19 ነው። በቀልድ መልክ ነው የጻፈው። ስለ ቋንቋ ስሕተት ካወራን አይቀር፣ እናንተ ጎንደሮች መጀመሪያ «ተነገ ወዲያ»ን አስተካክሉ አለ። «ከነገ ወዲያ» ነው፣ «ከቤት» ነው፤ «ተቤት» የሚባል ነገር የለም።

ወይ ጉድ! ከ20 እስከ 25 ያለውን ሁሉ አልነግራችሁም። አንዱ የልጁን አያት ትውልድ ቦታ ጠየቀ። አንዷ «ተ» የሚለው ጎንደር ብቻ እንዳልሆነ፣ ጎጃምም ወሎም እንደሚል ጻፈች። አድሚኑ ሁለት መልስ አጠፋ፤ ቁጥራቸው ብቻ ቀርቷል። ነገሩን ያበረዱት መልስ 26 ላይ የገቡ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ልጁን ልጄ እያሉ ነው የጻፉለት። አዲስ አበባ ላይ ሬዲዮው አለ፣ ጋዜጣው አለ፣ መሥሪያ ቤቱ አለ፤ ስለዚህ የእሷ አነጋገር የመጽሐፍ አማርኛ ሆነ። ስለቀደመች ወይም ስለበለጠች አይደለም አሉ። እሳቸው እናታቸው «ተ» እያለች ስላሳደገቻቸው፣ እናታቸውን ለማረም ዕድሜያቸው ገና እንደሆነም ጨመሩ።

ልጁ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው ውስጥ «እርስዎ» ብሎ ጻፈላቸው። ይሄኔ ሌላ ሰው ተነሣ፤ እዚህ ለትልቅ ሰው «አንቱ» ነው የሚባለው ብሎ። የቆሎ ተማሪው «እርስዎ» የመጣው «ርእስ» ከሚለው ቃል፣ ከራስ፣ እንደሆነ ጻፈ። ያኔ ነገሩ ቆመ። ሽማግሌው ግን የፈለገውን ይበለኝ፣ ብቻ «አንተ» አይበለኝ ብለው ዘጉት። (አያቴም «ተዚህ ውጡ» ነበር የምትለን። እንኳን ይህን ውይይት አላየች።)

አሁን ግማሽ ማርኳን እናምጣት። መልስ 28 የጻፈው ስለ ቋንቋ የተማረ ሰው ይመስላል። በጣም ቀዝቃዛ ነው፤ አንዲት ቃለ አጋኖ የለውም። የብዙ ብዙ ስሕተት ነው ካልን፣ «አህጉር»ን ምን ልናደርገው ነው ብሎ ጠየቀ። አህጉር በግዕዝ የሀገር ብዙ ቁጥር ነው። ሀገር፣ አህጉር። እኛ ግን አንድ አህጉር እንላለን፤ አንድ ሀገሮች እንደማለት። በላዩ ላይ አህጉራት እንላለን። ይህን ስሕተት ብሎ ማርክ የሚቀንስ አስተማሪ አይቶ አያውቅም። ግዕዝ ራሱም ነገሥት ብሎ አይበቃውም፤ ነገሥታት ይላል። ታዲያ ልጁ «ቃላቶች» ቢል ሕጉን ጣሰ ወይስ የአያቶቹን መንገድ ተከተለ?

ለ20 ደቂቃ ማንም አልጻፈም። አስተማሪዋ እያነበበች እንደሆነ ይታያል። ከዚያ መልስ 29 መጣ፤ ሰላምታ የለውም። ፈተና የሚያወጣው ቋንቋ ያጠና ሰው ሳይሆን ሌላ ነው። ተማሪዋ 8ኛ ክፍል ላይ «ቃላቶች» ብትል ማርኩን የሚሰጣት እሱ አይደለም። ግማሽ ማርኳን አሁን የምትቀንሰው ኋላ ሙሉው እንዳይሄድ ነው። እንግዲህ እኔ ማንን ልደግፍ? ሰውዬው ልክ ነው። እሷም ልጆቹን የምታውቅ ናት። እኔ እንኳ ለራሴ «መላእክቶች» አልልም፤ አስጎብኚው ላይ ግን ጆሮ መያዜን ተውኩት።

መልስ 30 በነካ እጁ ሌላ ጨመረ። ቁጥር ካለ ብዙ ማድረግ ለምን አስፈለገ? ሦስት ልጅ፣ አሥር ብር፣ አርባ አራቱ ታቦት። የጎንደር ሰው አርባ አራቱ ታቦት ሲምል እንጂ አርባ አራቱ ታቦቶች ሲል ሰምቶ አያውቅም። ይሄ ግሩም ነው። እኔ በልጅነቴ በእነሱ ምዬ ዋሽቻለሁ፤ ሰዋስው ግን አላጠፋሁም።

ከዚህ በኋላ ውይይቱ መስመር ሳተ። አንድ አባት ልጃቸው «ሻወር ልውሰድ» ስትላቸው ወዴት ነው የምትወስጂው ብለው እንደሚጠይቋት ጻፉ። መልስ 33 ላይ አንዲት ወጣት አፈጠጠችባቸው። ዜና ላይ «ሚና ተጫወተ» ሲባል ማንም አይጠይቅም፤ ሚና ምን ዓይነት ጨዋታ ነው? «ውሳኔ ወሰደ»ስ? ኮት የለበሰ ሰው ሲለው ዕውቀት ነው፣ ጅንስ የለበሰች ስትለው ብልግና ነው ወይ አለች። ከሁሉም መልስ ይህ ነው ቆንጥጦ የያዘኝ። አባትየው አልመለሱም። ምናልባት ሻወር ወስደው ይሆናል።

34 ላይ አንድ ሰው አፉ ዙሪያ ስለወጣበት ቁስል ጠየቀ። እንዴት ወደዚህ እንደመጣን አላውቅም። ምች መታኝ፣ ዳማከሴ የት ይገኛል ነው ጥያቄው። አንዲት ነርስ ተነሣችና ምች የሚባል በሽታ የለም፣ ከንፈር ላይ የሚወጣው ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው አለች። ከፀሐይ ጋር ማገናኘት የተሳሳተ እምነት ነው ብላም ጨመረች። 36 ላይ አንድ ሐኪም በጣም በጨዋ ደንብ አረማት። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ኀይለኛ ፀሐይ ነው። ስለዚህ ፀሐይ መታኝ የሚሉት እናቶቻችን መነሻውን ባያውቁትም ጊዜውን አልሳቱም። ነርሷ ተቀበለች። ጠያቂው አሁንም ዳማከሴ የት እንዳለ አልተነገረውም። አራዳ ገበያ ሂድ ያለው የለም፤ እኔ አሁን ብየዋለሁ።

ከ38 እስከ 42 ደግሞ ስለ ከተማችን ስም ሆነ። «ጐንደር» ነው «ጎንደር»? ሽማግሌው በ«ጐ» ካልተጻፈ ስሙን እንደማያውቁት ተናገሩ። ቈሎ፣ ቍጥር፣ ኵላሊት ሁሉ እንዲሁ እያለቁ ነው ብለው አዘኑ። የኮምፒዩተሩ ልጅ ስልኩ ላይ «ጐ»ን ለማግኘት ሦስት ጊዜ መንካት እንዳለበት አስረዳ። አንድ የኳስ ደጋፊ የፋሲል ከነማ ቅጽል ዐፄዎቹ ነው፣ አፄዎቹ ነው፣ አጼዎቹ ነው ብሎ ሦስቱንም አሰለፈ። ክለቡ በ2013 ዋንጫ ሲወስድ ባነር አሠርቶ እንደነበር፣ ሦስት ጓደኛሞች ሦስቱንም ዓይነት ጽፈው እንደመጡ ነገረን። ስታዲየም ውስጥ ማንም ልዩነቱን አላየም።

ማታ ላይ ተቀመጥኩና የመጀመሪያ ጽሑፌን ላርም አልኩ። «አመት»ን ወደ «ዓመት»፣ «ሰአሊ»ን ወደ «ሠዓሊ»። መድረኩ ግን መልስ የተሰጠበትን ጽሑፍ ማረም አይፈቅድም። አድሚኑን በውስጥ መስመር ለመንኩት። እሱም ከተቀየረ እኮ መልስ 4 ስለምን እንደሚያወራ ሰው አይገባውም ብሎ እምቢ አለኝ። የእኔ 30 ገረድ እዚያው ቀረች። ይህን ጽሑፍ ደግሞ ከመለጠፌ በፊት አራት ጊዜ ፊደሉን አይቼዋለሁ። አንድ እንደማታጡበት አውቃለሁ።

አስጎብኚው መልስ 45 ላይ ዘመዶቼን ይዤ እንድመለስ ጋበዘኝ። ለእኔ ብቻ ሲል እያንዳንዱን መልአክ በነጠላ እንደሚጠራልኝ ቃል ገባ።

46 ማስታወቂያ ነበር፤ ጠፍቷል። ልተኛ ስል ስልኬ ጮኸ። መልስ 47። ከላይ ያለውን አንድም እንዳላነበበ ያስታውቃል። ሰላም ለዚህ ቤት ብሎ ገብቶ፣ ወንድሜ «አመት» በዓይኑ «ዐ» ነው የሚጻፈው ብሎኝ ወጣ።